መንገድ አሳዪው

የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ወለሉን ስትወለውል በር ላይ ከሚቆሙት ሽማግሌ ዓይኗን አትነቅልም። የአገሯ ሰው ናቸው፤ ወደዚህ ባዕድ አገር ከመጡ አምስት ወራቸው ነው። «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ሰደርያ ደርበው፣ ያለ ክፍያ ለሕመምተኛ ጠያቂዎች መንገድ ያሳያሉ። ሰደርያው ሰፍቷቸዋል፤ የሸሚዛቸው እጥፋት ግን ምላጭ ነው።

ከአገሩ ቋንቋ የሚያውቁት «ደህና አደሩ»፣ «በዚህ በኩል» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። ግራና ቀኙን ማስረዳት ስለማይችሉ ጠያቂውን ሁሉ አልጋው ድረስ ይሸኛሉ። ሰዉ ደግነት ይመስለዋል። ሲሸኙ ታዲያ እጅ አይዙም፤ ሁለት ጣታቸውን የእጁ አንጓ ላይ አሳርፈው የግድግዳውን ሰዓት ሰረቅ አድርገው ያያሉ።

«ጋሼ፣ አገር ቤት ሥራዎ ምን ነበር?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ተይው ልጄ። ቤት ተጎልቶ ከመዋል ይሻላል ብዬ ነው።»

ዛሬ፣ በየቀኑ ባላቸውን የሚጠይቁት አሮጊት አበባ ይዘው መጡ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ይዘዋቸው ገቡ። ጽዳት ሠራተኛዋ የባልየውን አልጋ ጠዋት ራሷ ነበር ያጸዳችው፤ ባልዲዋን ጥላ ብትሮጥም አልደረሰችባቸውም።

አንሶላው ተነስቷል፤ የተወለወለው ፍራሽ ገና አልደረቀም። አሮጊቷ የሚነግራቸው ሰው ፍለጋ ዞሩ። ቋንቋውን የምታውቀው ጽዳት ሠራተኛ በሩ ላይ ደርሳ ዓይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች።  የሽማግሌው ሁለት ጣት አሁንም የአሮጊቷ አንጓ ላይ ነው።

«በዚህ በኩል» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። እጃቸው ግን የትም አላመለከተም።