መብራት ሲሄድ የገለጥኩት ገጽ

ማንበብ ሙሉ ሰው አያደርግም። ያደርጋል የሚለውን መፈክር በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ በደማቅ ቀለም ተጽፎ አይቻለሁ፤ የጻፈው ሰው ግን ብዙ ያነበበ ሰው ቤት ገብቶ አንድ ቀን እንኳን ምሳ አልበላም ማለት ነው። ቢበላ ኖሮ የቤቱ ባለቤት እጁ ከሳህኑ፣ ዓይኑ ከመጽሐፉ፣ ልቡ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር መሆኑን ያይ ነበር። እኔ ፊደል ከቆጠርኩ ጀምሮ ሳነብ ኖሬያለሁ። ሙሉ አልሆንኩም።

ከንባብም የባሰው የንባብ ዕቅድ ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር ሰዎች የመጽሐፍ ክምር ፎቶ አንስተው ይለጥፉና «ዘንድሮ ሃምሳ» ይላሉ። ገበሬ እንኳን ዘንድሮ ይህን ያህል ትልም አወጣለሁ ብሎ ጎረቤት ሰብስቦ አይፎክርም። ይህን ሁሉ እያልኩ ግን ዕቅዱን እኛ ቤት ያስገባሁት እኔው ነኝ።

እኛ ቤት ዓመቱ ሁለቴ ነው የሚለወጠው። እንቁጣጣሽ በእኔ በኩል የመጣ ነው፤ አያቶቼ ከሰሜን ተሹመው መጥተው ሶዶ የቀሩ ናቸው። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በባለቤቴ በኩል ነው። በሬውም፣ ጭፈራውም፣ በቅቤና በአይብ የተለወሰው ሙቹዋም በእሷ በኩል ስለሆነ ቤቱ ለየትኛው እንደሚያደላ መናገር አያስፈልግም። በጊፋታ ዋዜማ፣ ምግቡ ከመቅረቡ በፊት፣ እያንዳንዳችን ባለፈው ዓመት ስንት መጽሐፍ እንደጨረስን እንናገራለን፤ የመጪውንም እናስታውቃለን። ባለቤቴ የውሃ መስሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሁልጊዜ «አንድ» ትላለች፣ የትኛውን እንደሆነ ግን አትናገርም። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ከሻንቶ ገጠር የመጡ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። «እኔ ምንም። ለሚመጣውም ምንም» ይላሉ። ዕቅዳቸውን በየዓመቱ መቶ በመቶ የሚያሳኩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንዲት ልጅ አለችን። እሷ በእኔ ወጥታለች፤ ሰው ሲያናግራት ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ነው የምትሰማው። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አለፈች። ጅማ ሄጄ ሕክምና እማራለሁ አለች። ይህ ጽሑፍ በሙሉ እሷ ትሂድ ወይስ ትቅር የሚል ነው፤ ሌላው ማጀቢያ ነው።

ከዕቅዱ ሌላ አንድ ሕግ አውጥቼ ነበር፤ አባት ሲያነብ ቤቱ ዝም ይላል። በረንዳው ላይ፣ ደሞታ ተራራ ፊት ለፊት፣ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ሬዲዮው ይቀነሳል፤ ድስት እንደ ሕፃን ቀስ ተብሎ ይቀመጣል። እንግዳ ከመጣ በሹክሹክታ ተቀብለው በሹክሹክታ ይሸኙታል። አማቴ አንድ ቀን ለልጃቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። «ባልሽ ያገባው መጽሐፍ ነው። አንቺ ውሽማው ነሽ፤ ለዚህ ነው እንደ ሌባ በራስሽ ቤት በእግርሽ ጣት የምትሄጂው።» ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። እኔም ገጹን ጨርሼ ነው የሳቅሁት።

ከሁለት ዓመት በፊት መስመሮቹ ዳር ዳራቸው መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱን ረገምኩ። ከዚያ መነጽሬን፣ ከዚያ አምፖሉን። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ትህትናው ያስፈራል።

«የዓይን ግፊት ነው» አለኝ። «ግላኮማ። ቆይቷል። ያለቀው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቀው።»

«ማንበብስ?»

«ለጊዜው ያንብቡ» አለኝ። ለጊዜው የሚለውን ቃል እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

የሰጠኝን ጠብታ ቤት ስደርስ የአለርጂ ነው አልኩ። አቧራውን አመካኘሁ፤ አቧራው አልተከራከረኝም። ያልነገርኳቸው በልጄ ምክንያት ነው። አማቴ ሞራ ተገፎላቸው ዓይናቸው ታሽጎ በነበረ ጊዜ፣ ይቺ ልጅ ትምህርቷን ትታ እጃቸውን ይዛ ስትመራቸው ከርማለች። እየጎተትኩ ነው ክፍል የመለስኳት። እንግዲህ ሞራ ይገፈፋል፣ ሰውየውም ያያል። የእኔ ግን መጨረሻ የለውም። ብነግራት ሶዶ ትቀራለች፤ ማንም ሳይጠይቃት ትቀራለች፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላትም መንገድ ዳር እጄን ይዛ ባጃጅ ታስቆምልኛለች።

ስለዚህ ፊደሎቹ ሲጠፉብኝ ማንበብ ተውኩና ማስመሰል ጀመርኩ። ማስመሰል ከማንበብ ይከብዳል። ገጹን በትክክለኛው ጊዜ መግለጥ አለብህ። አንዳንዴ ፈገግ ማለት፣ አንዳንዴም ግንባርን መቋጠር አለብህ። ባለፈው ጊፋታ ጨረስኳቸው ብዬ ያወራሁት በወጣትነቴ ያነበብኳቸውን ነው፤ ማንም አልጠረጠረም። ቤቱ ግን ሕጉን አክብሮ ዝም እንዳለ ነው። ያንን ዝምታ በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አሁን በላዬ ላይ ተዘጋ። ዓይኔ ሲሄድ የቀረኝ ጆሮዬ ነው፣ ጆሮዬ የሚሰማው ደግሞ ሰዎች እንዳልሰማቸው የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ነው። ከወጥ ቤት ስለ ዳጣው ይከራከራሉ፣ ቃሪያው በዝቷል አልበዛም። ልጄ አያቷን ስታበሽቅ፣ ባለቤቴ የመስሪያ ቤት አለቃዋን ድምፅ ስታስመስል፣ ሁሉም በሹክሹክታ፣ ግማሹ አይደርሰኝም። ለዓመታት ከአጠገቤ ሲካሄድ የነበረውን ነገር አሁን በበር ስንጥቅ እለምናለሁ። «ጮክ በሉ» እንዳልል ለምን ይሉኛል። አንዳንድ ከሰዓት መጽሐፉን ደረቴ ላይ ይዤ መጮህ ያምረኛል። ከዚያ ገጽ እገልጣለሁ።

ከጊፋታ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ሊመሽ ሲል፣ ሳሎን ተቀምጬ ነበር። ጓዳ ውስጥ እናትና ልጅ ስለ ጅማ ያወራሉ። ብርድ ልብስ ይበቃታል፣ አይበቃትም። «አባትሽ ብቻውን ሲቀር እኮ ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል» አለች ባለቤቴ። ልጄ የመለሰችውን ለመስማት አንገቴን አሰገግሁ። በዚህ መሃል መብራት ሄደ። ሶዶ ውስጥ መብራት መሄድ ወሬ አይደለም፤ መሄዱን ከሰፈሩ ዝምታ አውቄዋለሁ፣ የጎረቤት ወፍጮ ቆሟል። ግን ልቤ ጓዳ ነበር። እጄ የለመደውን አደረገ። ገጹን ገለጥኩ።

ልጄ ሻማ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አባ፣ መብራት ሄዷል።»

«አውቃለሁ።»

«ገጽ ገለጥክ።»

«ምን አለበት?»

«በጨለማ ነው የገለጥከው።» ሻማውን አስጠጋችው፤ ሙቀቱን ፊቴ ላይ አወቅሁት። «በል አንብብልኝ። የገለጥከውን።»

አላነበብኩላትም። ሻማው ቀረበም ራቀም ገጹ ያው ነበር፤ መሃሉ ላይ ጥቂት ፊደል፣ ዙሪያው ጉም። ባለቤቴ ከኋላዋ መጥታ ምን ሆናችሁ አለች። በዚያው ምሽት ሁሉንም ተናገርኩ። ባለቤቴ ጠብታው የአለርጂ እንዳልሆነ ትጠረጥር እንደነበር ነገረችኝ፤ «ራስህ እስክትናገር ጠበቅሁህ፣ አንተ ግን መጽሐፍ ይዘህ ተደበቅህ» አለች። ልጄ በማግስቱ ለእናቷ ጅማን እንደተወችው፣ የመጀመሪያ ምርጫዋ ሶዶ እንደሆነ ነገረቻት። እኔን ማናገር አቆመች።

እስከ ዋዜማው ድረስ አልተነጋገርንም። ወላይታ ውስጥ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር አይቻልም፤ ከጊፋታ በፊት የተጣላ ይታረቃል። ለዚህ ሽማግሌ ይጠራል። እኛ ቤት ሽማግሌዋ አማቴ ነበሩ፤ ሙቹዋው ጓዳ ተሸፍኖ እየቀዘቀዘ ስለነበር ሥነ ሥርዓት አላበዙም።

«ታረቁ። ርቦኛል» አሉ።

«ዋሽቶኛል» አለች ልጄ።

«ለማን ብዬ ነው?» አልኩ።

«ዋሽልኝ አልኩህ? ለምኜህ ነበር?»

«ጅማ ሂጂልኝ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን እውነቱን ንገረኝ። ሐኪሙ የቀረው ይቆያል ብሏል?»

ሐኪሙ ያለው እንጠብቀው ነው። ይቆያል አላለም። «ብሏል» አልኩ።

ልጄ ሞኝ አይደለችም፤ ግን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ መሄድም ፈልጋ ነበር። «ከባሰበት ግን ትምህርቱን ጥዬ እመጣለሁ» አለች። «እማማ ትሙት እመጣለሁ።»

«እኔ ምን አድርጌሽ ነው የምትገድይኝ?» አሉ አማቴ። «በአባትሽ ማይ፣ እሱ ነው ጥፋተኛው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል አንተ ደግሞ ቁጥርህን ተናገርና እንብላ። ስንት አነበብክ?»

«ምንም» አልኩ።

«ለሚመጣውስ?»

«ምንም።»

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝና ሙቹዋው እንዲመጣ አዘዙ።

ልጄ ሄደች። ሕጉን ሽሬዋለሁ፤ አሁን ቤቱ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይንጫጫል፣ እኔም ጫጫታው መሃል ተቀምጬ እንደ ሀብታም እሰማለሁ። ማታ ማታ ባለቤቴ ታነብልኛለች። አነባበቧ የከፋ ነው። «ይሄ ስለ ተራራ ነው፤ ተራራ አይተሃል፣ ዘለልኩት» ትለኛለች። ሰው ሊሞት ሲል ከድርጊቱ ቀድማ «ይሄ አይተርፍም» ትላለች። አማቴ በመሃል የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ምሽት እንጨርሳለን፤ በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ንባብ አጋጥሞኝ አያውቅም። ከዚህ በፊት የት ነበርኩ? እዚሁ፣ በረንዳው ላይ።

ይህ ደስታ ነው፤ አልክድም። ግን በየቀኑ ከደስታው ዳር አንድ ነገር ይነሳብኛል። ደሞታ አሁን ያለው በወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ የተቀመጡት አማቴ መሆናቸውን ያወቅሁት በሳላቸው ነው። የባለቤቴን ፊት አጥርቼ ያየሁበት የመጨረሻው ቀን የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ማንም የመጨረሻው ነው ብሎ አልነገረኝም። የዚያን ቀንም ምናልባት እያነበብኩ ነበር።

ልጄ በቪዲዮ ትደውላለች። «የለበስኩት ምን ቀለም ነው?» ትለኛለች፣ እንደ ቀልድ። እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ «ውይ፣ ይሄ ቀይ ሹራብ እንዴት ያምርብሻል» ትላለች። ብዙ ጊዜ ሠርቶልናል። በቀደም ግን ልጄ ዝም አለች፤ ረጅም ዝምታ፣ የእኔ ዓይነት። ከዚያ ወዲህ ለሰው መደወል ጀምራለች። ለጎረቤት፣ ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ ለባጃጅ ሹፌሩ። አባቴ ብቻውን ይወጣል? ሰላም ስትሉት ማን እንደሆናችሁ ያውቃል? ከቤታችን ውስጥ እውነቱ እንደማይወጣ ገብቷታል።

ይህን እኔ እያወራሁ ባለቤቴ ናት በስልኳ የምትጽፈው፤ ይህችን መስመር አልጽፍም ብላ ነበር። ልጄ የእኔን ጽሑፍ አታነብም፤ ማማረር ታበዛለህ ትለኛለች። ለዓመታት ያስከፋኝ ነገር ነው፤ አሁን ተስፋዬ እሱ ብቻ ሆኗል።

ስለዚህ ሶዶ ውስጥ የምታውቁኝ ሰዎች፣ ስልካችሁ ቢጮህና የአንዲት ልጅ ድምፅ ስለ አባቷ ቢጠይቃችሁ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አየነው በሏት። መጽሐፍ ይዟል፣ ገጽ ሲገልጥ አይተነዋል በሏት። ዋሹልኝ።