ክብደት ሆኜ ተቀጠርኩ

የሄድኩ ዕለት አመሻሽ ላይ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ጴጥሮስ ሻንጣዬ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ጸሎቱ በአውሮፕላኑ ጀመረ፣ በፓይለቱ ቀጠለ፣ ከዚያ ወደ ዓረብ ነገሥታት ልብ ተሻገረ፤ ውጪ የአዲስ አበባው ሚኒባስ ጡሩምባውን ያንባርቃል፣ እሳቸው ገና ስለ ጎማው እየለመኑ ነው። አሜን ሲባል ባለቤቴ ትዕግስት የጃኬቴን እጅጌ ይዛ "ስትደላደል ትወስደኛለህ አይደል?" አለችኝ። "ምን ጥርጥር አለው!" አልኳት። ከተጋባን ዓመት እንኳ አልሞላንም። ዱባይ የሄድኩት እሷን ልወስድ እንጂ አሸዋ ናፍቆኝ አይደለም።

እንግዲህ እኔ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ደላላው ግን "የስፖርት መኪና ባለሙያ" ብሎ ላከኝ። ባጃጅም ቁልቁለት ላይ ከለቀቋት ትሮጣለች፣ ውሸታም አልለውም።

ዱባይ ስወርድ የአውሮፕላኑ ሞተር የሚተፋው ሙቀት መስሎኝ ከክንፉ ሸሸሁ፤ ለካ አየሩ ራሱ ነው። ያንን የሐዋሳ ሐይቅ ነፋስ "ኧረ በረደን" እያልን ስናማው የኖርነው፣ ጌታ ይቅር ይበለን። ዓሣም አለ ተባልኩና በላሁ። ዓሣ ነው ካላችሁኝ እሺ፣ ዓሣ ነው።

የተቀጠርኩበት ጋራዥ ዓርብ ዓርብ የመኪና አፍቃሪዎች ይሰበሰቡበታል። አቤት ክርክር! አንዱ "ሞተሩ መሃል፣ ከሹፌሩ ጀርባ ካልተቀመጠ መኪና አይባልም" ይላል። ሌላው "ሞተር ጭራው ላይ ሲሆን ነው መሬት ቧጦ የሚነሳው" ይላል። ሦስተኛው ሃይማኖቱ ሃምሳ ለሃምሳ ነው፤ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ ጎማ ላይ እኩል ካላረፈ ምሳ አይወርድለትም። ይኸው ሰውዬ መኪናው እንዲቀልለት የኋላ ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ ሬዲዮውን አስነቅሎ ሲያበቃ ቦርጩን ይዞ ገባ። እኛ ጋ እኮ ሚዛን የሚያስተካክለው ሹፌሩ ነው፦ "እትዬ፣ እርስዎ መሃል ይሁኑልኝ! አንተ ቀጭኑ፣ ወደ ዳር!" አለቀ። ሳምንት ሙሉ የሚከራከር የለም።

አለቃዬ ኢንጂነር ራሺድ "ሙከራህን ካለፍክ ቴክኒሺያን ብዬ እፈርምልሃለሁ፤ ቴክኒሺያን ሚስቱን ማምጣት ይችላል" አሉኝ። ወዲያው ለትዕግስት ደወልኩላት። እሷ ለጋሽ ጴጥሮስ፣ እሳቸው ደግሞ ለመላው ጉባኤ።

የሙከራው ቀን ያንን የቦርጫሙን መኪና አራት ጎማዎቹን አራት ሚዛን ላይ አቁመን ስንለካ ዋልን። ቀጥሎ መንዳት ነው፤ ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ስለሚሄድ የሷም ክብደት ይታሰብ ተባለ። ከኔ ጋር እኩል ትመዝናለች አሉ። ሚስት ሆኜ አለቃዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሐዋሳ ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኩርባ ሲመጣ ተሳፋሪው ወደሚታጠፍበት ያጋድላል። ማንም አያዝህም፣ ሰውነትህ ራሱ ይሄዳል። ግትር ብሎ የሚቀመጥ ካለ ሹፌሩ "ምነው ወንድሜ፣ ልትገለብጠን ነው?" ይለዋል። አለቃዬ በዚያ ፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፉ እኔም በሙሉ ልቤ ወደ ግራ አጋደልኩ። ትከሻዬ ክርናቸው ላይ አረፈ፣ መሪው አመለጣቸው፣ መኪናው ዞሮ ዞሮ የጎማ ክምር ውስጥ አፍንጫውን ቀበረ።

"ምን እያደረግህ ነው?!"

"እያገዝኩዎት ነበር።"

"ምኑን?"

"ኩርባውን።"

እግዜር ያሳያችሁ፣ አፍቃሪዎቹ እየሮጡ መጡ፤ የመጡት ግን ለኔ አልነበረም። ሃምሳ ለሃምሳው "የተሳፋሪ ማጋደል የስበት ማዕከሉን ያዛባል" አለ። ባለ ጭራ ሞተሩ "እንዲያውም ልክ ነው፣ ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ" ብሎ ተከራከረልኝ። የተገነጠለውን የፊት ፓራውልት ረግጠው ቆመው ተጨቃጨቁ። እኔ በሆዴ ትዕግስትን ይዣለሁ፤ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

አለቃዬ ግን አላባረሩኝም። "ክብደትህ ጥሩ ነው" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና ሲሞከር እጅና እግሬን እንዳላነቃንቅ በባለ አራት ማሰሪያ ቀበቶ ተጠፍሬ እቀመጣለሁ። እንዳልወፍርም ምክር ተሰጥቶኛል። ወረቀቴም ተፈረመ፤ በዓረብኛ ስለሆነ ሳላነበው ይዤው የመኖሪያ ፈቃድ መስኮት ሄድኩ።

"ሙያ?" አለችኝ ጸሐፊዋ።

"ቴክኒሺያን።"

"እዚህ ረዳት ነው የሚለው።"

"ረዳት ማለት ምን ማለት ነው?"

"ሚስት የማያመጣ ማለት ነው። ቀጣይ!"

ማታ ለትዕግስት ደወልኩላት። ከራት በፊት ልንገራት፣ በቀስታ ልንገራት ብዬ ቃላቴን ሳዘጋጅ አንስታ "ፈረሙልህ?" አለች።

"ፈረሙ፣ ግን..."

"ግን" የምትለዋን ማን ሰምቷት! እልልታውን ለቀቀችው። ጎረቤት ሲገባ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ጋሽ ጴጥሮስ "ጌታ ይባረክ! ጌታ ይባረክ!" ሲሉ ይሰማኛል። እሷ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ሸሸች መሰለኝ፣ ድምጿ ቀረበኝ።

"ልነግርህ ፈርቼ ነበር፤ አሁንስ አልፈራም" አለችኝ እየሳቀች። "ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራዬን ለቀቅኩ። ስፌት በቃኝ። ቤቱንም ለአከራያችን እንደምንለቅ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም 'የኔ ልጅ፣ መንገድሽ የተቃና ይሁን' ብለው መረቁኝ። ሰማኸኝ? ምነው ዝም አልክ? ኔትወርኩ ነው?"

"አዎ፣ ኔትወርኩ ነው" አልኳት።