ፖንዲቼሪ ላይ የተሳለምኩት ደጅ

ባለፈው ቅዳሜ የምንኖርባት ታከር ከተማ ካለው የሕንድ ሱቅ ከልጄ ጋር ምስር ልንገዛ ገብተን፣ ካሸሯ አጠገብ የተጎነጎነ የጃስሚን አበባ አየሁ። አንስቼ አሸተትኩትና ባለሁበት ቀረሁ።

«አባዬ፣ ላይኑ እየሄደ ነው፣ ሙቭ አድርግ እንጂ!» አለችኝ።

እሷ ምን ታውቃለች! በሃያ ሁለት ዓመቴ ሕንድ አገር፣ ቼናይ የምማር ተማሪ ነበርኩ። ለእረፍት ጓደኛዬ ሰልቫም ፖንዲቼሪ ወዳለው የእናቱ ቤት ይዞኝ ሄደ። አውቶቡሱ ባሕሩን በግራ ትቶ፣ በጨው ማሳና በኮኮናት ዛፍ መሀል ሲያንገጫግጨን ዋለ። ከተማዋ በቦይ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ በባሕሩ በኩል ፈረንሳዮች ትተዋቸው የሄዱ ቢጫ ቤቶች፣ ከቦዩ ወዲህ የአገሬው ሰዎች የታሚሎቹ ሰፈርና ቤተ መቅደሳቸው።

እናቴ ከአገር ስወጣ አንድ ነገር ብቻ አስምላኝ ነበር፤ «የጣዖት ደጅ እንዳትሳለም።» ቀላል መሐላ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የሰልቫም እናት፣ ወይዘሮ ቫሳንታ፣ ቤተ መቅደሳቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ጫማ ወለቀ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ደወሉ ይሰማል፣ ጃስሚኑ ይሸታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ደወል እየሰማሁ በባዶ እግሬ የረገጥኩት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ ነውና ልማድ ቀደመኝ። አማተብኩ፤ ጎንበስ ብዬም መቃኑን ሳምኩ። ቀና ስል ሴትዮዋ በደስታ ያዩኛል። ያኔ መሐላዬ ትዝ አለኝ።

ቁርስ ላይ ኢድሊ የሚሉት፣ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ዳቦ ቀረበ። መሐላዬን ለሰልቫም ነገርኩት፣ እሱም ለእናቱ ተረጎመላቸው። ይስቃሉ ስል አልሳቁም። ሳሪያቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ ቦዩን አሻግረው ፈረንሳዮች ባሕሩ ዳር ወደ ሠሯት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን። ደጁ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ እኔ ሳደርግ እንዳዩት፣ ትንሽ እየተሳሳቱ አማተቡና መቃኑን ሳሙ።

«ለእናትህ ንገራት» አሉኝ በልጃቸው አስተርጓሚነት። «ልጅሽ የእኔን ደጅ ሳመ፣ እኔም የአንቺን ሳምኩ በላት።»

ትምህርቴን ጨርሼ አገሬ እስክገባ ለእናቴ መንገር ፈራሁ። በመጨረሻ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«ያቺ ሴት ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። «በጸሎቴ ላስባት።»

እናቴ እስክትሞት አሰበቻት። መሐላዬን አፍርሼ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ያቺን ማለዳ ግን እወዳታለሁ።

አበባውን ገዛሁት። መኪና ውስጥ ልጄ «ለማን ነው?» አለችኝ። ከእናቴ ወዲህ ያን ስም በጸሎት የማነሣው እኔ ብቻ ነኝ፤ የእኔም ዕድሜ ሄዷል። ቤት እስክንደርስ ስሙን ደጋግሜ አስጠናኋት።