ስንሄድ «መጣሁ» የምንለው ነገር

ኢታንግ የሄድኩት የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን ላሠለጥን ነው። ክረምት ላይ ባሮ ሞልቶ ብዙ ቤት ወስዷል። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ልጆቹ ይሸሻሉ ተባልኩና፣ ልጆችን ስለማረጋጋት የማውቀውን ይዤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሣሁ።

ጎሬን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ጋምቤላ ስንደርስ ማውለቅ የሚቻለው ሁሉ አልቆ ነበር። የባሮ ዓሣ ጥብስ በልቼ፣ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ኢታንግ። መንገድ ዳር ጎርፉ ያጋደመው የበቆሎ አገዳ ጭቃ እንደለበሰ ደርቋል።

ኢታንግ

መምህርት አፒው ሕፃናቱን የምታስተምረው ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። አሪየትን ያገኘኋት እዚያ ነው፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የሰው ቀሚስ ጨብጣ ትውላለች። የእኔንም ወዲያው ያዘችው። ከሻንጣዬ ወረቀት ላመጣ ብድግ ስል «መጣሁ» አልኳት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ልጅቷ ጮኸች፤ እግሬ ላይ ተጠምጥማ ሽንቷን ለቀቀችው።

አፒው ልጅቷን ካጠበቻት በኋላ ነገረችኝ። እናቷ ገበያ ዓሣ ስትሸጥ የለመደችውን አማርኛ ከልጇ ጋር ትጫወትበት ነበር። ጎርፉ የመጣ ዕለት ልጇን ከፍታ ቦታ አስቀምጣ፣ «መጣሁ» ብላ የበቆሎውን ጆንያ ልታመጣ ተመለሰች። አስከሬኗ በማግስቱ ተገኘ። ዘመድ አዝማዱ ግን ለልጅቷ እስከ ዛሬ «ትመጣለች» ነው የሚላት።

የአፒው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ነገር ግን የነገሩን ፍሬ አይስትም። «በእኛ ቋንቋ ሰው ሲሄድ እሄዳለሁ ይላል» አለችኝ። «እናንተ ትሄዳላችሁ፣ መጣሁ ትላላችሁ። ልጅ ምኑን ይመን?»

ይዤው የመጣሁት ሥልጠና ስለዚህ ቃል አንድም መስመር የለውም።

ከዚያ ወዲህ ስንሄድ እንደምንሄድ መናገር ጀመርን። አፒው ወንዝ ልትወርድ መሆኑን፣ ውሃ ቀድታ እንደምትመለስ ትነግራታለች፤ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች። አሪየት መጀመሪያ መንገዱን እያየች ታለቅስ ነበር። እያደር ዝም ብላ መጠበቅ ቻለች።

መመለሻ

ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል አሪየት «ትመለሻለሽ?» አለችኝ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር።

«አልመለስም» አልኳት። «አፒው ግን እዚሁ ናት።»

እጇን ከቀሚሴ ላይ ራሷ አነሣች። እያለቀሰች ወደ አፒው ሄደች። እኔም እስከ ጋምቤላ ድረስ ራሴን ስረግም ሄድኩ።

አዲስ አበባ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አፒው ደወለች። አሪየት እናቷም እንደ እኔ አትመለስም ወይ ብላ ጠይቃታለች።

«ምን አልሻት?»

«አትመለስም አልኳት። ብዙ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዛ ጭኔ ላይ ተኛ፤ አሁንም እዚህ ነው።»

ማረጋጋት ማለት ልጅ እንዳያለቅስ ማድረግ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጅ የሚያስፈልገው አልቅሶ የሚተኛበት፣ ሲነቃም እዚያው የሚያገኘው ጭን ነው። ሻንጣዬን እንደታሰረ ትቼ፣ አይቻት ለማላውቅ ዓሣ ሻጭ ቁጭ ብዬ አለቀስኩላት።