የመድኃኒት ቅርጫ

ወንድም ጋሼ በአንጀት ተስቦ ታሞ ቡታጅራ መተኛቱን የነገረኝ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጊዜው የንጉሡ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ነበር፤ መስቀል ተቃርቧል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በአንድ ጋዜጣ ላይ እሠራ ነበር። አለቃዬን አስፈቅጄ በማግስቱ ወረድኩ።

ወንድም ጋሼ እንሴኖ ላይ በርበሬ ነጋዴ ነው። ገበያ ውስጥ ሲከራከር ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ክሊኒኩ ውስጥ ሳገኘው ግን ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ስሙን ስጠራው ዓይኑን የሚገልጠው በግድ ነው። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ከራስጌው ተቀምጣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ከመስቃን ገጠር የመጣ አንድ ሙስሊም ገበሬ በዚያው በሽታ ተኝቷል። እሱንም የምታስታምመው ሚስቱ ናት።

የሚያክማቸው ወጣት ሐኪም ከአዲስ አበባ ለጥናት የመጣ ነበር፤ ቡታጅራና ወልቂጤ እየተመላለሰ ይሠራል። እኔ በደረስኩ ዕለት ወንድም ጋሼ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሁለት መድኃኒቶች አሉ» አለው። «አንዱ ክሎራምፌኒኮል የሚባለው፣ የቆየው ነው። ሌላው አዲሱ አምፒሲሊን ነው። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ በሽተኞቻችንን በዕጣ እንመድባለን። ይስማማሉ?»

«ሐኪም አይደለህ እንዴ? የሚሻለውን አታውቅም?»

«ሁለቱም ያድናሉ። የሚሻለውን ባውቅማ ዕጣ ምን ያደርግልኛል?»

«መርጠህ ብትሰጠኝስ?»

«መርጬ ከሰጠሁማ ማዳላት ይመጣል።»

«አሃ! ቅርጫ ነው በለኛ!» አለ ወንድም ጋሼ።

ሐኪሙ ለማስረዳት የደከመበት ነገር በአንዲት ቃል ለክፍሉ ሰው ሁሉ ገባው። በቅርጫ ከብቱ ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ሽንጡን መርጦ የሚያነሳ የለም። ገበሬውም ከትራሱ ቀና ብሎ «እንዲያ ከሆነ እኔም አለሁበት» አለ። ዕጣው የታሸገባቸው ፖስታዎች ተቀደዱ። ለወንድም ጋሼ የቆየው መድኃኒት፣ ነጩ ክኒን ወጣለት፤ ለገበሬው ደግሞ አዲሱ፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነው። ሐኪሙ በጣም ደስ አለው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ «እንደ ቅርጫ ነው» ማለት ጀመረ።

የክሊኒኩ ሠራተኞች ጥቂት ስለነበሩ፣ የሐኪሙ ረዳት የሆነው ድሬሰር የየቀኑን መድኃኒት ጠዋት ለአስታማሚዎች ያድላል። እነሱ ደግሞ በየሰዓቱ ለበሽተኞቻቸው ይሰጣሉ።

ቀናት አለፉ፤ ትኩሳቱ ግን አልወረደም። ጠዋት ጋብ ይልና ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይነሳል። ወንድም ጋሼ መቃዠት ጀመረ። አንድ ቀን ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ በረንዳው ላይ ብቻውን ሲቆም አየሁና ተከተልኩት።

«እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

«እስካሁን መውረድ ነበረበት። ወልቂጤ ያሉት በሽተኞቼ በሁለቱም መድኃኒት እየዳኑ ነው። እዚህ ግን ሁለቱም አልጋ ላይ እንቢ አለኝ። ምናልባት ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል።»

«የቱን መድኃኒት?»

«ሁለቱንም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ሁለቱንም ከለመደ፣ በእጄ ሌላ የለኝም።»

«አዲስ አበባስ?»

«ለዚህ በሽታ የማምነው ሌላ መድኃኒት አዲስ አበባም የለም።»

ደማቸውን ቀድቶ፣ ጀርሙን አብቅለው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እንዲያዩለት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ወንድም ጋሼ ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ አልነበረም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝና ያስተማረኝ እሱ ነው። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ።

በሥራዬ የለመድኩት አንድ ነገር አለ፤ ነገሩ አልገጥም ሲለኝ እንደገና ከመጀመሪያው እጠይቃለሁ። ሁለቱ ሰዎች የመጡት ከተለያየ ቀበሌ ነው። የሚጠጡት ውሃም አንድ አይደለም። የወሰዱት መድኃኒትም እንደዚያው። ትኩሳታቸው ግን እንደ መንትያ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ታዲያ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚጋሩት ምንድን ነው? በሽተኞቹን ማየት ትቼ አስታማሚዎቹን ማየት ጀመርኩ።

የገበሬው ሚስት የቀትር ሶላቷን ሰግዳ ተመለሰች። የሻሿን ጫፍ ፈታች፤ ከእትዬ ጎን ተቀመጠችና የሆነ ነገር በመዳፏ አኖረችላት። እትዬም ከነጠላዋ ቋጠሮ አውጥታ ለሷ ሰጠቻት። ከዚያ እትዬ ወንድም ጋሼን ቀና አድርጋ ክኒን አፉ ውስጥ ጨመረችለት። ክኒኑ ቀይና ጥቁር ነው።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒቱ ነዋ።»

«የሱ ነጩ አይደለም እንዴ?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የገበሬው ሚስት ቀደመች። «ልጄ፣ ምን ያስደነግጥሃል? ተካፈልን። ግማሹን እኔ ሰጠኋት፣ ግማሹን እሷ ሰጠችኝ።»

«ለምን?»

«ቅርጫ ነው አላችሁ» አለች እትዬ። «ዕጣ ከወጣ በኋላስ ቢሆን የአንዱ መደብ ካነሰ ከሌላው ተቆርጦ ይሟላለት የለም? ነጩ ትኩሳት ያበርዳል፤ ቀዩ ደም ይተካል። የሷ ባል በትኩሳት ነድዶ፣ የኔው ደም አጥቶ፣ ዝም ብዬ ልይ?»

«ሥጋ ቢሆንማ አብረን አንበላም ነበር» አለች የገበሬው ሚስት። «የማን እርድ ነው ይባል ነበር። ክኒን ምን ሃይማኖት አለው?»

እንኳን ልቆጣ፣ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ሐኪሙ በረንዳው ላይ ያለኝ ትዝ አለኝ። ወንድሜ ሙሉውን መድኃኒት አንድ ቀንም አልወሰደም ማለት ነው። ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደ የሚያሰኝ ነገር ገና አልተገኘም።

«ለሐኪሙ እንንገረው» ስላቸው እትዬ እጄን ያዘችኝ።

«በእናትህ! አውጥቶ ይጥለናል።»

«ካልነገርነው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይተወዋል።»

የገበሬው ሚስት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «ከጣለንም ይጣለን። ተነሺ እቴ፣ አብረን ነው ያጠፋን፣ አብረን እንናገር።»

ሐኪሙ በረንዳው ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«ግማሽ ግማሽ?» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«ወላሂ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ አላበላለጥንም» አለች የገበሬው ሚስት።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። መነጽሩን አውልቆ፣ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ተመስገን! ተመስገን! እኔ እኮ ሁለቱንም የለመደ ጀርም መጣብን ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።» ከዚያ ፊቱ ጠና አለ። «ስሙኝ። ግማሽ መድኃኒት አደገኛ ነው። እባብ ተመትቶ ካልሞተ ሌላ ጊዜ ዱላውን ሲያይ ያመልጣል። ጀርምም ግማሹን ቀምሶ ከተረፈ፣ ሙሉውን ስንሰጠው ላይሞት ይችላል።»

«ታዲያ እባብ ነው ብትለን ኖሮ!» አለች የገበሬው ሚስት። «ቅርጫ ነው አልከን እንጂ።»

ሐኪሙ መነጽሩን መልሶ አደረገና ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መድኃኒት ሙሉውን አስጀመራቸው። ድሬሰሩም እያንዳንዷን ክኒን ራሱ እያዋጠ፣ «አፍ ክፈቱ» እያለ ምላሳቸው ሥር ድረስ ያያል። የቀረው መጠበቅ ነበር። እባቡ ዱላውን ለይቶ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በደመራው ዕለት ማለዳ እንደ ልማዴ የወንድም ጋሼን ግንባር ስነካው እጄ ረጠበ። ላብ ነው፤ ቆዳው ቀዝቅዟል። ዓይኑን ገለጠና «በርበሬውን ማን እያየው ነው?» አለ።

«አጎትህ ናቸው» አለችው እትዬ።

«አጎቴ? አጎቴ ዝናብ መምጣቱን የሚያውቀው ራሱ ሲረጥብ ነው! ለሱ ትተሽ እዚህ ተጎልተሻል?»

እትዬ እያለቀሰች ትስቅ ጀመር። «ተሳደበ! ስሙልኝ፣ ተሳደበ!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች የገበሬው ሚስት። «የኔው ግን ጤነኛም ሆኖ አይናገር፤ በምን አውቃለሁ?»

ገበሬው ከአልጋው ላይ በደከመ ድምፅ «ትኩሳቱስ ለቆኛል፤ አንቺ ነሽ አልለቅ ያልሽኝ» አላት።

ሐኪሙን ጠርቼ አመጣሁት። ሙቀታቸውን ለካ፤ አላመነውም መሰለኝ እንደገና ለካ። «ወርዷል» አለ። የአዲስ አበባው ውጤት ከዚያ በኋላ ደረሰ፤ ሁለቱም መድኃኒቶች ጀርሙን ይገድሉታል ይላል። ሐኪሙ ግን ሁለቱን በሽተኞች ከጥናቱ እንደሚያወጣቸው ሲነግረን እትዬ ቅር አላት።

«ድነን ሳለ ከዳኑት ጋር አንቆጠርም?»

«ድናችኋል፤ እኔ ግን በየትኛው መድኃኒት እንደዳናችሁ አላውቅም» አላት።

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ የሚነሳበት ሰዓት ደረሰ፤ አልተነሳም። ለወንድም ጋሼ የተፈቀደለት ቀጭን ሾርባ ብቻ ነበር፤ ስለ ክትፎ እየተከራከረ ጨረሰው። እትዬ ሳህኑን ተቀብላው ከአልጋው ሥር ያለው ምንጣፍ ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው አንኮራፋች። ነጠላዋ እግሯን አልሸፈነላትም። ወንድም ጋሼ ብርድ ልብሱን በደከመ እጁ ጎትቶ ወደ እኔ ገፋው።

«አልብሳት» አለኝ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለህ፤ እንዳትቀሰቅሳት።»