ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ እንግዳ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ብሔራዊ ውትድርና ከተጀመረ በኋላ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ ወጣት ወንድ ያለበት ቤት ሁሉ በሩ ሲንኳኳ ይደነግጥ ነበር። ወቅቱ ክረምቱ ወጥቶ አጨዳ የተቃረበበት ይመስለኛል። ግቢ ያሰጣነው ቆዳ ቶሎ ቶሎ ይደርቅልን እንደነበር ስለማስታውስ ነው እንዲህ የምለው። የእኔ ትምህርት መሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀን መጻፍ ልማዴ አልነበረም።

ሥራችን ኮርቻ ነው። አባቴ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለችው ባለ አንድ በር ቤት ኮርቻ ሲሰፋ ኖሮ ሞተ። ከእሱ በኋላ ሦስት ሆነን ቀጠልን። እኔ እንጨቱን እጠርባለሁ፣ ቆዳውን እቆርጣለሁ። ወንድሜ ይሰፋል፤ የእሱ ስፌት ፈረሱ ቢያረጅም አይለቅም ይሉ ነበር ደንበኞቻችን። እናቴ ደግሞ ጓሮ ተቀምጣ የምንሰፋበትን ክር ሰም ትቀባለች።

ወንድሜ ስል ከአንድ ማህፀን አልወጣንም። ወላጆቼ በጉዲፈቻ የወሰዱት በሦስት ዓመቱ ነው፤ ከደንዲ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት። በእኛ አገር በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፣ በቃ። ነገር ግን መሬት ሲታደል የወለደው አባቱ «ና፣ ድርሻህን ያዝ» ብሎ አስጠራውና ሁለት ክረምት እዚያ አረሰ። የገበሬ ማኅበሩ መታወቂያ የሰጠው ያኔ ነው፣ በወለደው አባቱ ስም። አባቴ ሲታመም ወደ እኛ ተመለሰ። መታወቂያውን ግን አልቀየረም። ዛሬ ነገ ስንል ቆየን።

አንድ ጠዋት ተማሪው መጣ። ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው። መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው።

«ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው ጋሼ» አለኝ። «በቤተሰብ የሚሠሩ ሥራዎችን ነው የማጠናው። ማን ጀመረው፣ እነማን ይሠሩበታል፣ ከእናንተ በኋላስ ማን ይረከበዋል፣ ይኸው ነው። ስም አልጽፍም፤ እናንተ ለእኔ ቁጥር ናችሁ።»

ይሄ የመጨረሻው ራሱ አስደነገጠኝ። ያን ጊዜ ቁጥር መሆን ጥሩ ነገር አልነበረም።

ብቻውን ቢመጣ ምናልባት እደፍር ነበር። ከኋላው ግን የቀበሌያችን አዲሱ ካድሬ ተከትሎ ገባ። ከሌላ ከተማ ተዛውሮ ከመጣ ወሩ ነው፣ ገና ሰው አያውቅም። ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ብቻውን አይለቀቅም ነበርና አብሮት ይዞራል። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር ተናግሮ ነበር። ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ በዝባዥ ነው አለ። ሥራ የሌለው ወጣት ደግሞ ተመዝግቦ ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳል አለ። ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ነበሩ።

ተማሪው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «እዚህ የምትሠሩት ስንት ናችሁ?»

ወንድሜን ወንድሜ ነው ብል ካድሬው መታወቂያውን ያያል፤ የአባት ስም ሌላ፣ አገሩ ሌላ። «ቅጥር ሠራተኛህን ወንድሜ ትላለህ እንዴ?» ይለኛል ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ ሳያልቅ አፌ ቀደመ።

«እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ።

«እሱስ?» አለ ተማሪው ወደ ወንድሜ እያየ።

«እሱ እንግዳ ነው። ከደንዲ ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ ነው።»

ወንድሜ ወስፌውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወስፌውን ቆዳው ሥር ከተተና ተነሣ። የሱሪውን አቧራ አራገፈ።

«ታዲያ ጌታዬ፣ ኮርቻዬ መቼ ይደርሳል?» አለኝ።

«ዓርብ» አልኩት።

«ባለፈውም ዓርብ ብለኸኝ ነበር እኮ። እናንተ ሰፊዎች!»

ተማሪው ሳቀ። ካድሬው ግን እጁን ዘረጋ። «መታወቂያ!» አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው። «ገበሬ ነህ? አጨዳ ደርሶ አምቦ ምን ትሠራለህ? አንተስ እንግዳ ስታሳድር ለምን አላስመዘገብክም? ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ቀበሌ!» ብሎ ወጣ።

ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ሰው ቀጥሯል እንዳይሉኝ ስሸሽ ወንድሜን ሥራ ፈት አድርጌ አስረከብኩት። ተማሪው «እማማን ልጠይቃቸው?» ብሎ ወደ ጓሮ አለፈ።

ተማሪው ከሄደ በኋላ እናቴ የሰም እጇን እየጠረገች ገባች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እኔስ?» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት ክር የምቀባው እኔም ኮርቻ ሊያሠሩ ከመጡት ነኝ?»

«ፈራሁ እማዬ።»

«መፍራትህንማ አየሁ። ፈርተህ ወንድምህን ሰጠህ።» ብላ ወደ ጓሮዋ ተመለሰች። ወንድሜም የጀመረውን ስፌት እስኪመሽ ሰፍቶ ጨረሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ከእናቴ ጋር ሦስታችንም ቀበሌ ስንደርስ ወደ ማሠልጠኛ ሊላኩ የተያዙ አራት ወጣቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እንዳላየን ሆነ። ተማሪውም ወደ ግንጪ የሚሄድበትን ደብዳቤ ማኅተም ሊያስመታ ቆሟል።

«እንግዳ ነህ?» አለው ካድሬው ወንድሜን።

እኔ እውነቱን ልናገር ነበር፤ አልደፈርኩም። ወንድሜ ወደ እኔ ሳያይ «አዎ፣ እንግዳ ነኝ» አለ። ዋሽቷል ተብዬ እኔ እንዳልታሰር ነው።

እናቴ ግን ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ኦቦ» አለችው፣ እንደ አገራችን አክብራ፣ «ይሄ ልጄ ነው።»

«እናት ሁሉ ልጄ ነው ትላለች» አለ ካድሬው።

ተማሪው መነጽሩን አስተካከለ። እሱም እንደ እኔ ፈርቷል። «ጓድ፣ ትናንት እናታቸው የነገሩኝ እዚህ አለ» ብሎ አነበበ። ልጁ በስንት ዓመቱ እንደመጣ፣ አባቴ ሁለታችንን በአንድ ኮርቻ ግራና ቀኝ አስቀምጦ ስፌት እንዳስተማረን፣ ሲሞት ወስፌውን ለእሱ፣ ቢላዋውን ለእኔ እንደሰጠ። ሥራው ለሁለት ልጆች ተላልፏል ይላል ወረቀቱ።

ካድሬው ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። «እዚህ ላይ ደግሞ ‹ሠራተኛ አንድ ብቻ› ይላል። የቱ ነው እውነቱ?»

«ሁለቱንም... የተነገረኝን ነው የምጽፈው ጓድ።»

«ጥሩ ጥናት ነው!» አለ ካድሬው እያሾፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እሑድ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ታደርጋለህ። ሕዝቡ ወንድሙ ነው ብሎ ከመሰከረ በቤታችሁ ይመዘገባል። ካልመሰከረ ሰኞ ከነዚህ ጋር ይሄዳል።»

ወንድሜን እዚያው አስቀሩት። ሦስት ቀን ምሳ አመላለስኩ። ጥበቃው ምሳው መርዝ እንደሌለበት ሊያረጋግጥ አንድ ጉርሻ ያስቀምሰኝ ነበር። ተማሪው ወደ ግንጪ ሄዷል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ በሌላ መንገድ መዞር ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። ያን ጊዜ ለሰው እጅ ማውጣት ራስን ማስመዝገብ ነበር። «ማንም እጁን ባያወጣስ?» የሚለው ሐሳብ ቆዳ ስቆርጥ እጄን አስቆረጠኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ወንድሜን በሩ አጠገብ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሐል አስቀመጡት። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ስሜ ተጠራና ተነሣሁ።

የምለውን ሌሊቱን ሁሉ አጥንቼዋለሁ። ቆምኩና ጠፋኝ። ያ ሁሉ ዐይን ያየኛል። ሳል ተሰማ፣ አግዳሚ ሲንቋቋ ተሰማ። «እየጠበቅንህ ነው» አለ ካድሬው። ሁለተኛም አለኝ። ሦስተኛ ሊል ሲል ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«ጌታዬ! ዓርብ አለፈ እኮ። ኮርቻዬስ?»

ወንድሜ ነው። አንደኛው ጠባቂ ትከሻውን ያዘው። መጀመሪያ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፣ ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ስፌት ሲያዘገይባቸው የኖረውን ሰው ሁሉም ያውቁታል፤ «ዓርብ ይደርሳል» እያለ የሚሸነግላቸው ወንድሜ ራሱ ነበር።

በሳቁ መሐል ምላሴ ተፈታ። «ኮርቻ የለህም!» አልኩት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። «እንግዳ አይደለም። አባቴ ያሳደገው፣ አብሮኝ የሚሠራ ወንድሜ ነው። የካድኩት ፈርቼ ነው።»

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያ የሳቀው ሽማግሌ እጁን አወጣ። ቀጥሎ ሴትየዋ አወጣች። ሌሎቹም ግራ ቀኝ እያዩ አንድ በአንድ አወጡ። ካድሬው ቆጠረ፣ ጻፈ፣ ለወንድሜ መታወቂያውን መለሰለት። ሰኞ ዕለት የጎረቤታችን ልጅና ሌሎቹ መኪና ላይ ሲጫኑ ወንድሜ ከእኔ ጋር ሱቅ ውስጥ ነበር። ደስ ብሎኛል ለማለት አፍሬ ነበር፤ የልጁ እናት ድምፅ እኛ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር።

የተማሪውን ጽሑፍ አላየሁትም። የእኛ ቁጥር ስንት እንደሆነም አላውቅም። ከዚያ በኋላ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ደንግጫለሁ፤ ወንድሜም ደንግጬ ባየኝ ቁጥር «ዓርብ ነው?» ይለኝ ነበር። ልጆቼ ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት ይጠይቁኛል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ አፌ ሲዘጋ የከፈተልኝ፣ እንግዳ ነው ብዬ አሳልፌ የሰጠሁት ሰው ነው። ወንድሜ ነው።