አሥራ ሁለተኛዋ ዘፈን

ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ ጊታር ተጫውቷል። ሆቴሉ ባንዱን አሰናብቶ በስፒከር ማጫወት ሲጀምር እሱም እቤት ዋለ። እቤት የዋለ ወንድ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ የድስት ክዳን አቀማመጥ ሳይቀር ያርማል። የገላገለችኝ ልጃችን ናት። ስልኳን ማቆሚያ ላይ ሰክታ፣ ከዛሬ ጀምሮ በኢንተርኔት ጊታር ታስተምራለህ አለችው።

የመጀመሪያው ኮርስ አሥራ ሁለት ዘፈን እንዲኖረው ተስማሙ። ሰው ጊታር የሚማረው የሚወደውን ዘፈን ለመጫወት እንጂ ጣቱን ለማሳመም አይደለም፤ ስለዚህ ሁሉም የሚያውቃቸው ዘፈኖች መሆን አለባቸው። ፈታኟ እኔ ነበርኩ። ልብስ ስተኩስ እሱ ከጀርባዬ አንድ ዜማ ይጀምርና ድንገት ያቋርጣል። ሳላውቀው ቀጥዬ ካንጎራጎርኩ ዘፈኗ አለፈች፤ ዝም ካልኩ ወደቀች። በዚህ ዓይነት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሸሚዝ ተተኮሰ። አንዳንዱን ሁለቴ ተኩሼዋለሁ።

አሥራ አንዱ ተገኙ። አሥራ ሁለተኛዋ የትኛዋ እንደምትሆን ለእኔ ጥያቄም አልነበረም፤ የደረጃዋ ዘፈን ናታ! ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሰው ስለምትጠብቅ ልጅ ነው የምታወራው፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ሁሉ በቃሉ ይወጣታል። ኮርሱ ገና ሳይጀመር እሷን አስተምሩን እያሉ የጻፉ ሰዎች ነበሩ፤ ልጄ አርባ ሰባት ቆጥራለች። ለእኔ ግን ሌላም ነገር ናት። ባሌ ሊያገባኝ በፈለገ ጊዜ ወሬ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያቺኑ ደጋግሞ ተጫወተልኝ፣ ያንቺ ናት አለኝ፣ በቃ አገባሁት።

እሱ ግን ሰረዛት። ለጀማሪ ትከብዳለች አለ። ልጄ የመጨረሻ ትምህርት ትሁን አለችው፤ እምቢ። አርባ ሰባቱን መልእክት አሳየችው፤ እምቢ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔው ሰውዬ ደግሞ የዘፈኖቹን ዝርዝር የጻፈበትን ወረቀትም ይዟል። በእሷ ቦታ ስለ ዝናብ የምታወራ፣ እኔ ፈትኜ የጣልኳትን ዘፈን አስገባ።

ደሜ ፈላ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት፤ ምግቡን አቀርባለሁ፣ ሸሚዙን ግን አልነካም። ያስከፋኝ የዘፈኗ መቅረት ብቻ አልነበረም። ያ በረንዳ ለእሱ ምኑም አይደለም፣ ረስቶታል ብዬ ሆዴ ባባ። በሦስተኛው ቀን ሊቀርጹ ሲሰናዱ ሳሎን ገብቼ ፊቱ ቆምኩ። ያንቺ ናት ያልከኝን ዘፈን ለምን ደበቅካት፣ አፈርክባት ወይ አልኩት።

ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። ከዚያ ግራ እጁን አነሳና ሌባ ጣቱን ዘረጋው። ዘረጋው ስል፣ የቻለውን ያህል ነው፤ መሃሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ቀረ።

"የደረጃዋ ዘፈን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይሄ ጣት ስድስቱም ክር ላይ ተጋድሞ መጫን አለበት" አለ። "አይጋደምልኝም። ባንዱ ውስጥ ሌላው ጊታር ይሸፍንልኝ ነበር።"

ጣቱ መጉበጡን አይቼ አውቃለሁ። የጊታር ተጫዋች ጣት እንዲህ ነው ብሎኝ አምኜው ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኩት። እሱ ክር ማጥበቅ ጀመረ። ልጄ ናት ወለሉን እያየች የመለሰችልኝ፤ ጣቱን ታውቅ ነበር፣ ዘፈኗን እንደከለከለው ግን ገና ያኔ መረዳቷ ነው።

"ከተመረቅኩበት ቀን ጀምሮ፣ እማዬ።"

የዚያን ቀን አርፍደን ነበር። ከታክሲው ወርጄ በሩን በኃይል የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እጁ በሩ ላይ ነበር። ደንግጬ ስጮህ ሳቀብኝ፣ ምንም አልሆንኩም አለ፣ አዳራሽ ገብቶም ከሰው እኩል አጨበጨበ። የዚያን ቀን ፎቶዎች ግድግዳችን ላይ ተሰቅለዋል፤ በሁሉም ላይ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። በየሳምንቱ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ!

ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ብነግርሽ ይቃና ነበር ወይ አለኝ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ሲበቃኝ አፍንጫዬን ጠርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩና ግራ እጄን የጊታሩ አንገት ላይ አኖርኩ። የቱ ጋ እንደምጫን አሳየኝ አልኩት። እንደ ታክሲው በር እንዳታደርጊው ብቻ አለኝ።

ያቺን አንድ የጣት አያያዝ፣ ኮርድ የሚሏትን፣ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ የጣቴም ጫፍ ተላጠ። አሁን አሥራ ሁለተኛው ትምህርት የደረጃዋ ዘፈን ናት፤ ሌሎቹን ኮርዶች እሱ ይይዛል። እዚያች ቦታ ሲደርስ ግራ እጁን ያነሳና ለእኔ ይለቅልኛል፤ በቀኙ መምታቱን አያቋርጥም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ፣ መምህሩ ያንን ኮርድ ለምን ብቻቸውን አይዙትም ብሎ ጻፈ። ልጄ ምን ብዬ ልመልስለት አለች። እውነቱን ንገሪው፣ እናቴ በር ዘግታበት ነው በይው ልል አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"ለአንድ ሰው ትከብዳለች በይው" አላት።